የባናው ጠርዝ

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ጠዋት ውርጭ ነበር። ጠመኔ መያዝ እስኪያቅተኝ ጣቴ ደነዘዘ። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ አሥረኛ ለ… ከምንባቡ ውስጥ “ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ” የሚል ሐረግ ወጣ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ማን ያውቃል? አልኳቸው። ሁለተኛ የሌለው፣ አምሳያ የማይገኝለት ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አልኳቸው። ስምንት ተማሪ “እናቴ” ብሎ ጻፈ። ስምንት ሁለተኛ የሌላቸው እናቶች በአንድ ክፍል… አልኩና ሳቁ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ትምህርት ነበር።

ከዚያ ሳሌም እጇን አወጣች። ከዘመሮ መጥታ የምትማር ልጅ ናት፣ ጎበዝ። “ዘ ባና ኦፍ መሳፍንት ኢዝ ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ” ብላ አነበበች። በአማርኛ ደግሞ ጨመረችበት፦ “የቲቸር ወንድም ነው እኮ፣ ሸማኔው።” ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ደስ ይለዋል ብላ ነው። ልጅቷ ምን አደረገች?

“ለብርድ ልብስ እንዲህ አይባልም፤ ናይስ ካልሽ በቂ ነው” አልኳት። ቁጭ አለችና ደብተሯ ላይ ሰረዘች።

ከእራት በኋላ ብርዱ ባሰ። ሁለቱን የቻይና ብርድ ልብስ ደርበንም አልሆነልንም። ሚስቴ መስታወት “የወንድምህን ባና ከሳጥን ላውጣው?” አለች። ያሳክካል አልኳት። ለሰርጋችን የሰጠን ነው። ስድስት ዓመት ሳጥን ውስጥ። አንዴ አየችኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ጥር 14

መዝገበ ቃላቱን አየሁ። ለሰውም ይሆናል፣ ለዕቃም። በተለይ በእጅ ለተሠራ ነገር ይላል። ሳላየውም አውቀው ነበር።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ዘመሮ ሄጄ መጣሁ፣ አባባን ለመጠየቅ። ሳሉ አልለቀቃቸውም። ከመሳፍንት ቤት ደጃፍ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸው ላይ አዲስ የተሠራ ባና ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን የሚያዩት በጣታቸው ነው። ጠርዙን ዳሰሱና “ይኼ የነጌታነሽ ቤት ነው። አምስት ናቸው። አንዷ አዲስ ናት” አሉኝ። ልክ ናቸው። የጎረቤታቸው የጌታነሽ ምራት ጥቅምት ላይ ነው የወለደችው።

ሌላ ሰው ቢያነበው ምን እንደሆነ አይገባውም። (ሌላ ማን ያነበዋል?) መሳፍንት የአንዱን ቤት የበግ ጠጉር ከሌላው ቤት አይቀላቅልም። ባናው ከዚያው ቤት በጎች ነው የሚሠራው፣ ቀለም አይነካውም፤ ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ዳለቻው ዳለቻ። ጠርዙ ላይ ለቤቱ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቀጭን መስመር ያገባል። ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጆች። ከመጨረሻው መስመር ቀጥሎ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዋል፣ ለሚመጣው። ልጅ ሲወለድ ባናውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ በመርፌ ይጨምርላቸዋል። የሞተ ሰው መስመር አይነቀልም። ይህን ከአባባ አልወረሰውም። ራሱ ነው ያመጣው።

ታዲያ ዛሬ ወሬ ጠበቀኝ። ከአዲስ አበባ ህሊና የምትባል ሴት ደውላለታለች። ሚያዝያ ላይ ትልቅ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አለ። ከመንዝ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወሰደው። የባናውን ፎቶ አንድ ነጋዴ ልኮላት አይታዋለች፣ ወዳዋለች፤ የሚመርጡት ግን የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። የሚሞላ ፎርም አለ፣ በእንግሊዝኛ።

“ምን አልካት?” አልኩት።

“ወንድም ጋሼ አለልኝ አልኳት። እንግሊዝኛ እንደሆነ የሱ ነው።”

ይህን ሲል ፊቱ እንዴት እንደበራ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ አያውቅም። አባባም ከተቀመጡበት “ሳልሞት መሳፍንት አዲስ አበባ ገባ ሲባል ልስማ እንጂ” አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ “የሱ እጅ እኮ ከኔ እጅ በልጧል” አሉ።

እኔም የሸማኔው መቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ እግሬን ሰድጄ ተቀምጬ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መወርወሪያውን በወረወርኩ ቁጥር ክር ይበጠሳል። በሦስተኛው ቀን አባባ ክንዴን ይዘው አወጡኝና “አንተ ተማር” አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ይህን እንደ ምርቃት ይዤው ስኖር። ዛሬ በሚኒባሱ መስኮት ሜዳውን እያየሁ ስመለስ… ምርቃት ነበር ወይስ ማሰናበቻ?

ጥር 19፣ ሰኞ

ወሬው ከኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገብቷል። በመምህራን ማረፊያ ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። “እንኳን ደስ ያለህ፣ የመሳፍንት ወንድም።” አሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። በዚህ ቤት ለኔ የተነሳ ሰው አላስታውስም።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

በምኑ ነው የቀናሁት? ደመወዝ አለኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ የምኖርበት ቤት ቆርቆሮ ነው። እሱ አራተኛ ክፍልን አልጨረሰም። ልጅ ሆነን “የሸማኔ ልጆች” ብለው ሲሰድቡን ከስድቡ ሮጬ ያመለጥኩት እኔ ነኝ። እሱ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ። ስድቡ ዞሮ ዞሮ ክብር ሆኖ መጣለት። ያውም በእንግሊዝኛ… በኔ ቋንቋ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ሐረጉን በአማርኛ ምን ይተካዋል? “ወደር የሌለው” የአዋጅ ይመስላል። “አቻ የሌለው” የሬዲዮ ማስታወቂያ ነው። “እንደሱ ያለ የለም” ይሻላል፣ ሰው የሚለው እሱን ነው። ግን ድምፅ ይፈልጋል። መስታወት ስለ አከራያችን “እንደሳቸው ያለ አይታይም” ስትል ምርቃት አይደለም። እንግሊዞቹም እንደዚሁ ያደርጉታል፤ ለአስቸጋሪ ሰው “ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ” ብለው ይስቃሉ። ይህን ነገ ለተማሪዎቹ እነግራቸዋለሁ።

ለአንድ ሐረግ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጭንቅላቴን ያዞርኩት ለተማሪዎቹ ብዬ ነው? አይደለም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ፎርሙን ፕሪንት አስወጥቼ ዘመሮ ወረድኩ። መሳፍንት እጁን ታጥቦ፣ እንደ ተማሪ ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራውን ከማን ተማሩት… እስከ ስድስት ድረስ ቶሎ አለቀ። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ ሥራዎን “ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ” የሚያደርገው ምንድን ነው? በራስዎ ቃል ይግለጹ።

በትክክል ተረጎምኩለት። ከሌላው ሰው ሥራ የሚለየው፣ ሌላ ቦታ የማይገኘው ምንድን ነው አልኩት። አንገቱን አከከ።

“እኔ ምን አውቄ ወንድም ጋሼ። የተለየ ነገር የለውም በላቸው። መንዝ ውስጥ ባና የሌለው ቤት አለ እንዴ?”

ሚስቱ ጥሩሸዋ ከበሩ አጠገብ እንዝርቷን እያሾረች ነበር። “የጠርዙን ይንገራቸው እንጂ። ጋሼ ናሁ፣ እርስዎ ይጻፉላቸው የጠርዙን።”

“ተይ እንግዲህ። የሰው ቤት ጉዳይ ነው፣ ምን ይወራል።” ወደ እኔ ዞረ። “አባባ ያሳዩኝን ነው የምሠራው። ከኔ የሚሻል ሞልቷል በላቸው።”

እኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ጥሩ በግ አለህ ሲሉህ “ምን አላት፣ አጥንቷ የወጣ” ነው የምትለው። የኔ ይበልጣል ብሎ በገዛ አፉ የሚናገር ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ያፍርለታል። “ከኔ የሚሻል ሞልቷል” ሲባል የሰማው ሁሉ ይገባዋል፤ ሰውየው ሥራውን እንደሚያውቅ ይገባዋል። ይህን አውቃለሁ። የውጭ አገር ሰዎቹ እንደማያውቁም አውቃለሁ።

ብዕሩን አነሳሁ። ጻፍኩት።

“ኢት ኢዝ ኖት ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ። ኤቭሪ ሃውስ ኢን መንዝ ሃዝ ኢት። ሜኒ አር ቤተር ዛን ሚ።”

ስህተት የለበትም። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። በራስዎ ቃል ይላል፣ የራሱ ቃል ነው። መሳፍንት ከሥሩ ስሙን በዝግታ ጻፈ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሰ።

ጥሩሸዋ ልትሸኘኝ ተከትላኝ ወጣች። ለልጄ ለፀጋ ብላ ቆሎ ቋጥራለች። “ጻፉት የጠርዙን?”

“ያለውን ሁሉ ጻፍኩ” አልኳት።

ጥር 26፣ ሰኞ

ፎርሙን በስልክ ላክሁት። ኔትወርክ አልነበረም። እስኪሄድ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ መተው እችል ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አዲስ ነገር የለም። የፈተና ወረቀት አረምኩ። ሳሌም ከሁሉም በለጠች። በሐረጉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ የሚለው ጥያቄ ላይ “እናቴ” ብላለች። እሷም እንደ ሌሎቹ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

መሳፍንት መጣ። ጫማ ሊገዛ ነው፤ ለአዲስ አበባ። “ገና መልስ ሳይመጣ?” አልኩት። “ባይሆንም ጫማ ነው፣ ይደረጋል” ብሎ ሳቀ። ጥቁር ቆዳ ገዛ፣ በካርቶኑ ይዞት መጣ። ምሳ አብረን በላን። ለዳኞቹ ሰላምታ እንዳስተምረው ጠየቀኝ። “ናይስ ቱ ሚት ዩ።” ስንት ጊዜ እንደደጋገመው። ፀጋ እያረመችው፣ እሱ እየሳቀ።

በመሃል “ይኼ ዋን ኦፍ የምትሉት ነገር ምንድን ነው? የጌታነሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት መጥቶ በሱ ነው የሚጠራኝ” አለ።

እንዳንተ ያለ የለም ማለት ነው አልኩት።

ደነገጠ። እውነቴን ነው፣ ደነገጠ። “ተው እንጂ። ለሰው እንዲህ ይባላል? ለእግዜር ነው እንጂ።”

ሲወጣ አልጋችንን አየ። ሁለቱ የቻይና ብርድ ልብሶች፣ ነብር የተሣለበትና ጽጌረዳ የተሣለበት። ፀጋን ብድግ አድርጎ “ስንት ሞላት?” አለ። አራት አልኩት። “አራት” አለና አወረዳት።

ከሄደ በኋላ መስታወት ሰሃን እያጠበች “ሌላው ሰው ልጅ ሲወልድ አርባ ቀን ሳይሞላው ባናውን ይዞ ይሄድለታል” አለች። “አንተ ወንድሙ ነህ።” ፊቷን ሳትመልስ ነው የተናገረችው።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ህሊና ደወለች። ፎርሙ ላይ ያለው የኔ ስልክ ነው። የእረፍት ሰዓት ነበር፣ ከላይብረሪው ጀርባ ሄጄ አነሳሁት። ድምፅዋ ትሁት ነው። “እኔ በበኩሌ ለአቶ መሳፍንት በጣም ተሟግቼ ነበር። ግን ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ራሳቸው ልዩ አይደለም ብለዋል። ዳኞቹ ራሱ ሠሪው ካልተቀበለው እኛ ምን እንላለን አሉ። ቅንነታቸውን ግን ወደውታል።” ከቀየት ገሠሠ የሚባል ሸማኔ ተመረጠ። እሱም ባና ነው የሚሠራው። ልጁ ነው አሉ ፎርሙን የሞላለት። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ብሎ ጽፎለታል።

ስልኩን ዘጋሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል… መጻፍ ያሳፍራል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀለለኝ። ደወሉ ተደወለ። ክፍል ገባሁ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዘመሮ አልሄድኩም። መስታወትን አሞኛል አልኳት።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። መሳፍንት ደወለ። “ወሬ አለ?” የለም አልኩት። “እሺ። አባባ በየቀኑ ነው የሚጠይቁኝ። ሳሉ ብሶባቸዋል፣ ግን ስለዚህ ሲወራ ይቀመጣሉ።” ሥራ እንዳላስፈታህ ብሎ ዘጋው። ለኔ አዝኖ።

እንደዚህ ባለ ሰው ላይ እንዴት ይቀናል? ይቀናል። እንዲያውም በዚህ ነው የሚቀናው። መጥፎ ቢሆንልኝ ምናለበት፣ አንድ ቀን ቢሰድበኝ፣ ቢኮራብኝ። አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼው ነው፤ ምክንያት አይሰጠኝም።

የካቲት 19

መስታወት ሁሉንም ነገር አወቀች። የፎርሙን ኮፒ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬው ኖሮ አገኘችው። እንግሊዝኛ ታነባለች፣ ስምንት ዓመት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሠርታለች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ “የጠርዙ ነገር የታለ?” አለች። የሱን ቃል ነው የጻፍኩት አልኳት። “እኔም ስታገባኝ ሽማግሌዎቹ ‘ልጃችን ሙያ የላትም’ ብለው ነበር። ያን ጊዜ ለምን ትተኸኝ አልሄድክም?”

ቅዳሜ ትሄዳለህ አለች። ጥያቄ አልነበረም።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ነገርኳቸው።

መሳፍንት ጉድጓዱ ውስጥ ነበር፣ ድሩ ፊቱ ተወጥሮ። ሌላ ሰው ተመርጧል አልኩት። መወርወሪያው እጁ ላይ ቆመ። “ማን?” የቀየቱ ገሠሠ። “ገሠሠ ጥሩ ነው። ጥብቅ አድርጎ ነው የሚሠራው” አለ። ይኼ እንኳ ይበቃኝ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ጥሩሸዋ “ለምን አልመረጡትም?” አለች፣ እኔን እያየች።

በሰባተኛው ጥያቄ ነው አልኩ። የጻፍኩትን በአማርኛ ነገርኳቸው። የጠርዙን አልጻፍኩም አልኩ። ጥሩሸዋ እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀስ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ አልወጣችም።

መሳፍንት ግን… “ያልኩትን ነው የጻፍከው” አለኝ። “እኔ ነኝ ያልኩት። አንተ ምን አጠፋህ?”

ምነው በሰደበኝ። መወርወሪያውን መልሶ ወረወረው፤ አንድ፣ ሁለት። ክር ተበጠሰ። በሕይወቴ የሱ ክር ሲበጠስ አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብሎ ሲቀጥለው ፊቱን አላየሁም። ጫማው ከነካርቶኑ ግድግዳው ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀምጧል።

አባባ ከደጅ ሁሉንም ሰምተዋል። ስወጣ በምርኩዛቸው መንገዴን ዘጉብኝ። “ተቀመጥ።” ተቀመጥኩ። ሳሉ እስኪተዋቸው ጠበቅሁ።

“እሱ አንድ ቋንቋ ነው የሚያውቀው” አሉ። “አንተ ሁለቱንም ታውቃለህ።”

ሌላ አልተናገሩም። ትንሽ ቆይተው እጄን ፈልገው ያዙ። ጣቴን አንድ በአንድ ዳሰሱት፣ እንደ ጠርዝ። ለስላሳ ነው። የጠመኔ እጅ።

“አባባ፣ ያኔ ከጉድጓዱ ያወጡኝ እጄ ስለማይረባ ነው?” አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ጠየቅሁ።

“ታለቅስ ነበራ” አሉ። “ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ታለቅሳለህ። እኔ ልጄ ሲያለቅስ እያየሁ ሸማ አልሠራም።”

ይኼው ነው። ምርቃትም አይደለም፣ ማሰናበቻም አይደለም። በመኪናው ውስጥ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ተመለስኩ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ለህሊና ጻፍኩላት። ሁለት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሴ ስም። የጠርዙን፣ ባዶ ስለሚተወው ቦታ፣ የሞተ ሰው መስመር ስለማይነቀልበት፣ ዓይነ ስውር አባት በጣቱ ጎረቤቱን ስለሚቆጥርበት። እኛ አገር ሰው ራሱን እንደማያሞግስ። ይህን እያወቅሁ እንደተውኩትም ጻፍኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት ጥሩ እንግሊዝኛ እሱ ነው። በዚህም ትንሽ ኮራሁ… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 26፣ ረቡዕ

መልስ መጣ፦ “አቶ ናሁሰናይ፣ ደብዳቤዎን ለሁሉም አነበብኩላቸው። ዝርዝሩ ግን ተዘግቷል፤ ቦታም የለም። ይህን ያኔ ቢጽፉት ኖሮ።” አራት ጊዜ አነበብኩት። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አልተጨረሰችም። መጨረስም አያስፈልጋትም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

አሥረኛ ለ። ሐረጉን እንደገና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ጥር ላይ ተምረናል ቲቸር አሉ። ከሥሩ “ዘ ባና ኦፍ መሳፍንት ኢዝ ዋን ኦፍ ኤ ካይንድ” ብዬ ጨመርኩ። ሳሌም ወደ ሰሌዳው አየች፣ ወደ ደብተሯ አየች።

“ቲቸር፣ ለብርድ ልብስ አይባልም ብለውን ነበር።”

“ይባላል። ያኔ ዋሽቻችሁ ነው።”

ተሳስቼ ነው ብል ቀላል ነበር፤ አስተማሪ ይሳሳታል። ሳሌም “ለምን?” አለች፣ በእውነት ማወቅ ፈልጋ።

“ቀንቼ” አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳሌም እስክሪብቶዋን አንስታ ዓረፍተ ነገሯን መልሳ ጻፈች። ስዞር አየሁላት፣ ራይት አደረግሁላት። ትልቅ ራይት፣ የገጹን ግማሽ የያዘ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ባናውን ከሳጥን አወጣነው። ብል አልነካውም። ጠርዙ ላይ ሁለት መስመር፣ እኔና መስታወት። ቀጥሎ ባዶ። ስድስት ዓመት ባዶ። ሦስታችንም ዘመሮ ሄድን፣ ባናውን እኔ ተሸከምኩት። ከባድ ነው፣ ረስቼው ነበር።

ጥሩሸዋ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ለመስታወት ሰላም አለቻት፣ ፀጋን ሳመቻት። እኔን “ይግቡ” ብቻ አለችኝ። ይገባኛል።

መሳፍንት ባናውን ሲያይ ከጉድጓዱ ወጣ። ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። “ልጅቷን ላስገባት?” አለ። እባክህ አልኩት። ተነስቶ ከጣሪያው እንጨት ላይ አንዲት በወረቀት የተጠቀለለች ነገር አወረደ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ፈታው፦ ነጭ ክር፣ ትንሽ፣ ጣት ላይ የምትጠመጠም።

“ይህ መቼ የተፈተለ ነው?”

“እሷ በተወለደች ዓመት። ከአባባ በጎች አንዷ ግልገልም በሷ ሰሞን ነው የተወለደችው፣ የመጀመሪያ ጠጉሯ ነው። ነገ ያመጣዋል፣ ነገ ያመጣዋል እያልኩ…” አልጨረሰውም። “ጥሩሸዋ ናት የፈተለችው።”

አራት ዓመት። ጣሪያው ላይ። እኔ ያሳክካል እያልኩ።

እንዴት እንደሚሰፋ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። መርፌዋ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ አይቸኩልም። አሁንም ቀናሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ቀናሁ። በእጁ ብቻ አልነበረም። አራት ዓመት ሰው መጠበቅ በመቻሉ ነው የቀናሁት። አባባ ተጎትተው ቀርበው ጠርዙን ዳሰሱና “ሦስት” አሉ። ለፀጋ እጃቸውን ዘረጉላት።

ስንወጣ ጫማውን አየሁት። አድርጎታል። በጉድጓዱ ጭቃ ውስጥ፣ ለሥራ። “ጫማ ነው እኮ” አለኝ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

መስታወት የቻይናዎቹን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ባናውን አልጋው ላይ አነጠፈችው፣ ጠርዙ በኔ በኩል። ጠዋት ስነቃ ፀጋ መሃላችን ገብታ መስመሯን በጣቷ ይዛ ተኝታ ነበር።

ያሳክካል። ይሞቃል።